የባዕድ ጥሩር የለበሰው ቤት

አዲስ አበባ ኖሮ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ! አንድ ሰው የሞላ!» የሚለውን የታክሲ ረዳት ጥሪ ያልሰማ ሰው የለም። ሥራ የሚሄደውም፣ ከገበያ የሚመለሰውም፣ ዘመድ የሚጠይቀውም በሜክሲኮ አደባባይ ያልፋል። ስሙ አፋችን ላይ ከመልመዱ የተነሣ የአገር ስም መሆኑን እንኳ እንዘነጋዋለን። ከውቅያኖስ ማዶ ግን የዚህ ስም መንትያ አለ። በሜክሲኮ ዋና ከተማ የምድር ውስጥ ባቡር ሦስተኛ መስመር ላይ «ኤቲዮፒያ» የሚባል ጣቢያ ይገኛል። በዚያ ከተማ ሜትሮ እያንዳንዱ ጣቢያ ከስሙ ሌላ የሚታወቅበት ትንሽ ሥዕል አለው፤ የዚህኛው ሥዕል የአንበሳ ራስ ነው።

ጉዞዬን የጀመርኩት ከዚያ አንበሳ ሥር ነው። ወደ ሰሜን ስድስት ጣቢያ ሄጄ ሂዳልጎ ላይ ወረድኩ፤ መስመር ቀይሬ አንድ ጣቢያ ብቻ ተጉዤ ቤያስ አርቴስ ደረስኩ። ትርጉሙ «ውብ ጥበባት» እንደማለት ነው። ደረጃውን ወጥቼ ቀና ስል ነጭ የእብነ በረድ ሕንፃ ፊቴ ተደቅኗል፤ ጉልላቱ ቢጫና ብርቱካንማ ሆኖ ከፀሐይዋ ጋር ይፎካከራል። ጎኑ አላሜዳ የሚባለው መናፈሻ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1592 የተከለለ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ካልተጠቀሰ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ፊኛ ሻጩ፣ ተማሪው፣ ሽማግሌው፣ ፍቅረኛሞቹ ሁሉ ነጩን ሕንፃ ተደግፈው ይቀመጣሉ። ይህ የሜክሲኮ የጥበባት ቤተ መንግሥት ነው፤ ንጉሥ ኖሮበት የማያውቅ፣ የአንድ ሕዝብ ጥበብ የሚኖርበት ቤተ መንግሥት።

የሄድኩት ሥዕሎቹን ለማየት ነበር። ስወጣ ግን ከሥዕሎቹ ይልቅ የቤቱ ታሪክ ልቤን ይዞት ቀረ። ሲጀመር የአንድ ሰው ክብር ማሳያ እንዲሆን ታስቦ ነበር፤ ሲያልቅ የሌላ ትውልድ፣ የሌላ ሐሳብ ቤት ሆነ። በመካከሉ ሠላሳ ዓመት፣ አንድ አብዮትና አራት ሜትር ገደማ የሰመጠ መሬት አለ።

ከሐይቅ የተወሰደ መሬት

የሜክሲኮ ከተማን ነገር ለመረዳት ከውኃው መጀመር ይገባል። በተለምዶ እንደሚነገረው ሜሺካዎች፣ በሌላ ስማቸው አዝቴኮች፣ ቴኖችቲትላን የተባለችውን ከተማቸውን በ1325 በቴሽኮኮ ሐይቅ ውስጥ ባለች ደሴት ላይ መሠረቱ። አምላካቸው የሰጣቸው ምልክት ቁልቋል ላይ ያረፈ ንስር ነበር። ያ ንስር ዛሬ በአገሪቱ ሰንደቅ ዓላማ ላይ አለ፤ የጥበባት ቤተ መንግሥቱ ጉልላት ጫፍ ላይም ክንፉን ዘርግቶ ቆሟል።

በ1521 ኤርናን ኮርቴስ የመራው የስፓኝ ጦርና ተባባሪዎቹ ከተማዋን ድል አድርገው አፈረሷት። በፍርስራሹ ላይ አዲስ ከተማ ተሠራ። ሐይቁም በቀጣዮቹ ዘመናት እየተቀየሰ፣ እየተንጠፈጠፈ ደረቀ። ውኃው ሄደ፤ ከሥሩ የነበረው ውኃ የጠገበ ለስላሳ የሸክላ አፈር ግን ቀረ። ከተማዋ ለመጠጥ የምትቀዳው ውኃ አብዛኛው ከዚያው ከእግሯ ሥር ነው፤ በቀዳች ቁጥር አፈሩ ይጨመቃል፣ መሬቱም ዝቅ ይላል። በታሪካዊው መኻል ከተማ ሲዘዋወሩ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ቤተ ክርስቲያን፣ ወገቡ የጎበጠ ቤት ማየት ብርቅ አይደለም። እንዲህ ባለ መሬት ላይ የሚሠራ ከባድ ሕንፃ ገና ከመነሻው ከመሬቱ ጋር ትግል ይገጥማል።

የጥበባት ቤተ መንግሥቱ የቆመበት ቦታ ቀድሞ የቅድስት ኢዛቤል የመነኮሳይያት ገዳም ይዞታ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ መንግሥት የቤተ ክርስቲያንን ንብረት ሲወርስ ገዳሙም አበቃለት። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ በ1844 የተከፈተ ትልቅ ብሔራዊ ቲያትር ነበር፤ እርሱም በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ለመንገድ ማስፋፊያ ፈረሰ። አዲሱ ሕንፃ የታቀደው ያንን እንዲተካ ነበር።

የፕሬዚዳንቱ ሕልም፣ የጣሊያኑ ንድፍ

ጊዜው የፖርፊሪዮ ዲያዝ ነው። ዲያዝ በ1876 ሥልጣን ይዘው፣ በመሐል ከአራት ዓመት ማረፍ በቀር፣ እስከ 1911 አገሪቱን ገዝተዋል። የባቡር ሐዲድ ተዘረጋ፣ ማዕድን ተቆፈረ፣ የውጭ ገንዘብ ገባ፤ የገበሬው መሬት ደግሞ በጥቂት ባለርስቶች እጅ ተጠቃለለ። በ1910 የነፃነት ትግሉ የተጀመረበት መቶኛ ዓመት ሊከበር ነው። ዲያዝ ለዚያ በዓል ሜክሲኮን ከፓሪስ ጎን የሚያሰልፍ የኦፔራ ቤት ፈለጉ።

ሥራው ለአዳሞ ቦአሪ ተሰጠ። ቦአሪ በ1863 ፌራራ ውስጥ የተወለደ ጣሊያናዊ አርክቴክት ነው፤ ከመንገዱ ማዶ ያለው ባለወርቃማው የፖስታ ቤተ መንግሥትም የእርሱ ንድፍ ነው። አዲሱን ቲያትር ለመንደፍ የአውሮፓንና የአሜሪካን ታላላቅ ቲያትር ቤቶች አጠና። ግንባታው በ1904 ተጀመረ፤ በአራት ዓመት ያልቃል ተባለ።

የተጠሩትን ባለሙያዎች ስም ስንቆጥር የዘመኑ ዝንባሌ ይታየናል። ለፊት ለፊቱ ገጽ የሚሆነውን ዋና ቅርፅ ጣሊያናዊው ሊዮናርዶ ቢስቶልፊ ሠራ። ክንፍ ያላቸውን የነሐስ ፈረሶች ስፓኛዊው አጉስቲን ኬሮል ቀረፀ። አፖሎና የጥበብ አማልክት የሚታዩበትን የአዳራሹን የመስታወት ጣሪያ ሀንጋሪያዊው ጌዛ ማሮቲ ነደፈ። ነጩ እብነ በረድ ከጣሊያን ከካራራ ተጭኖ መጣ። የመድረኩን መጋረጃ እንዲሠራ የታዘዘው የኒው ዮርኩ ቲፋኒ ነበር። ሜክሲኳዊ እጅ በታላቁ ሥራ ውስጥ እምብዛም አልተፈለገም።

ሆኖም ወደ ግድግዳው ጠጋ ብሎ ያየ ሰው ሌላ ነገር ያገኛል። ከግሪክ አማልክትና ከአበባ ሐረጉ መካከል የንስር ቆብ የደፋ የአዝቴክ ጦረኛ ራስ፣ የጃጓር ፊት፣ የእባብ ራስ ብቅ ይላሉ። ቦአሪ የቆመበትን ምድር ፈጽሞ አልዘነጋም፤ ለጌጥ ያህል ቦታ ሰጥቶታል። ያ ጌጥ ከብዙ ዓመት በኋላ የቤቱ ባለቤት ሊሆን ነው።

ጀማሪዎቹ ያላዩት ፍጻሜ

መሬቱ ቶሎ መለሰ። የብረት አጽሙና የመሠረቱ ክብደት ለስላሳውን አፈር ስለተጫነው ሕንፃው ገና ሳያልቅ መስመጥ ጀመረ። ሲሚንቶ ከሥሩ እየገፉ መሬቱን ሊያጠነክሩት ሞከሩ፤ መስመጡ ግን አልቆመም። አራቱ ዓመት አለፈ፤ 1910 መጣ፤ የመቶኛ ዓመቱ በዓል ሲከበር ቲያትሩ ጅምር ነበር።

በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ አብዮቱ ፈነዳ። ዲያዝ በግንቦት 1911 ሥልጣን ለቀው ወደ ፓሪስ ተሰደዱ፤ በ1915 እዚያው ሞቱ። ገንዘብ ጠፋ፣ መንግሥት በመንግሥት ላይ ተለዋወጠ። ቦአሪ በ1916 አገሩ ገባ፤ በ1928 ሮም ውስጥ ሲሞት ቤቱ አላለቀም ነበር። ፈረሶቹን የቀረፀው ኬሮልም በ1909 አርፏል። ፈረሶቹ መጀመሪያ ከሕንፃው አናት ላይ ነበሩ፤ ዛሬ ከበሩ ፊት ባለው አደባባይ ቆመው ልጆች ከሥራቸው ይሯሯጣሉ።

ለዓመታት የከተማው ሰው የሚያየው እብነ በረድ የለበሰ ግድግዳና ከላዩ ያልተሸፈነ የጉልላት ብረት ነበር። የአንድ አገዛዝ ሕልም በአጽሙ ቆሞ ቀረ። አብዮተኞቹ ሊያፈርሱት ይችሉ ነበር፤ የድሮው ሥርዓት ምልክት ነውና ምክንያት አያጡም። ሊጨርሱት መረጡ። የዚህ ቤት ታሪክ ትልቁ ውሳኔ ይህ ይመስለኛል።

በ1930ዎቹ መጀመሪያ የገንዘብ ሚኒስትሩ አልቤርቶ ፓኒና ሜክሲኳዊው አርክቴክት ፌዴሪኮ ማሪስካል ሥራውን አነሡት። መጀመሪያ የጠየቁት ቤቱ ለማን እንደሚሠራ ነው። ለጥቂት ሀብታሞች የሚሆን የኦፔራ ቤት አገሪቱ ያለፈችበትን ዘመን አይመጥንም። ስለዚህ ቲያትር ብቻ መሆኑ ቀርቶ ሙዚየምም፣ የሥዕል አዳራሽም፣ የአገር ጥበብ ሁሉ መሰብሰቢያም እንዲሆን ተወሰነ። ስሙም ከ«ብሔራዊ ቲያትር» ወደ «የጥበባት ቤተ መንግሥት» ተለወጠ።

ዛሬ በሩን አልፎ የገባ ሰው ከአንድ ዘመን ወደ ሌላ ዘመን እንደተሻገረ ወዲያው ያውቃል። ውጩ የቦአሪ ነው፤ ነጭ፣ የሚጠማዘዝ፣ አበባ የበዛበት። ውስጡ የማሪስካል ነው፤ መስመሩ ቀጥ ያለ፣ ማዕዘኑ የጠራ፣ የ1930ዎቹ የአርት ዴኮ አሠራር። እብነ በረዱም እዚህ ቀለም አለው፤ ቀይ፣ ጥቁር፣ ቡናማ፣ አብዛኛውም ከሜክሲኮ ተራሮች የተፈለጠ ነው። ከፍ ብለው በተዘረጉት መብራቶች ላይ የማያዎች የዝናብ አምላክ የቻክ ፊት ይታያል፤ በብረት ሥራው ላይ ደግሞ የአዝቴኮቹ የዝናብ አምላክ ትላሎክ ዓይኑን አፍጥጧል። ሐይቋን ባደረቀች ከተማ መካከል የዝናብ አማልክት መብራት ይዘው መቆማቸው ልብ ይነካል።

ቤቱ የተመረቀው መስከረም 29 ቀን 1934 ነው፤ በእኛ መስከረም 19 ቀን 1927 ዓ.ም.። በፕሬዚዳንት አቤላርዶ ሮድሪጌስ ፊት የቀረበው የመክፈቻ ተውኔት የሁዋን ሩይስ ዴ አላርኮን ሥራ ነበር፤ ደራሲው ከሦስት መቶ ዓመት በላይ አስቀድሞ በቅኝ ግዛት ዘመን እዚያው ሜክሲኮ የተወለደ ሰው ነው።

የመስታወት ተራሮች

ትልቁ አዳራሽ ከ1,600 በላይ ሰው ይይዛል። ቀይ ወንበሮቹ፣ ሰገነቶቹ፣ የማሮቲ ጣሪያ ሁሉም ያምራሉ፤ ዓይን ግን አልፎአቸው መጋረጃው ላይ ያርፋል።

መጋረጃ ሲባል ጨርቅ የሚጠብቅ ሰው ይደነግጣል። ይህ መጋረጃ ብረትና መስታወት ነው፤ ክብደቱ ከ20 ቶን በላይ ነው። በዚያ ዘመን ቲያትር ቤት ማለት እሳት ሁልጊዜ የሚፈራበት ቤት ነበር፤ ቦአሪ መድረኩን ከተመልካቹ የሚለይ እሳት የማይበግረው ግድግዳ ፈለገ። ለደኅንነት የታሰበው ነገር ሲያልቅ ከቤቱ ሁሉ ውብ ነገር ሆነ። ቲፋኒ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ ትንንሽ የመስታወት ቁራጮችን ገጣጥሞ የሜክሲኮን ሸለቆና ሁለቱን በረዶ የለበሱ እሳተ ገሞራዎች፣ ፖፖካቴፔትልንና ኢስታክሲዋትልን፣ ሣለበት። በ1911 ኒው ዮርክ ለሕዝብ ከታየ በኋላ ወደ ሜክሲኮ ተጫነ።

በቅርብ ሆነው ሲያዩት ተራራ የለም። ጥፍር የሚያክሉ ሰማያዊ፣ ወይን ጠጅ፣ ዕንቁ የሚመስሉ ነጭ ቁራጮች ብቻ ይታያሉ፤ አንዱ ከሌላው ጋር ምን እንደሚያገናኘው ለማወቅ ያስቸግራል። ወደ ኋላ እየራቁ ሲሄዱ ቁራጮቹ ተያይዘው ቁልቋል፣ ሸለቆ፣ የበረዶ ጫፍ ይሆናሉ። መብራቱ ቀስ ብሎ ሲለወጥ ተራሮቹ ላይ ይነጋል፣ ይረፍዳል፣ ይመሻል። የአገሬው አፈ ታሪክ ፖፖካቴፔትል ጦረኛ፣ ኢስታክሲዋትል ደግሞ የሞተች ፍቅረኛው እንደሆኑ፣ እርሱም ችቦ አብርቶ ለዘላለም እንደሚጠብቃት ይናገራል። ያን የሚያውቅ ሰው መጋረጃው ላይ ሲመሽ ዝም ብሎ ማለፍ ይከብደዋል።

ግድግዳ የሚያስተምርበት አገር

የሜክሲኮ መንግሥት ከአብዮቱ በኋላ፣ በተለይ ከ1921 ጀምሮ ሆሴ ቫስኮንሴሎስ የትምህርት ሚኒስትር በነበሩበት ጊዜ፣ ሠዓሊዎችን ጠርቶ የሕዝብ ሕንፃዎችን ግድግዳ ሰጣቸው። አብዛኛው ሰው ማንበብ በማይችልበት አገር ታሪክ ግድግዳ ላይ ይነበብ ተባለ። ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ቅኔ ማሕሌቱንና የመቅደሱን ዙሪያ በሥዕል የሸፈኑ አባቶች ልጆች ነን፤ ፊደል ያልቆጠረች እናት የመጽሐፍ ቅዱስን ታሪክ ከግድግዳ አንብባ አሳድጋናለች። በጥበባት ቤተ መንግሥቱ ደረጃ ስወጣ ይህ መተዋወቅ ተሰማኝ።

በሦስተኛው እርከን በአንዱ ጎን የዲዬጎ ሪቬራ ትልቅ ሥዕል አለ፤ ርዝመቱ ከ11 ሜትር ይበልጣል። ታሪኩ ከኒው ዮርክ ይጀምራል። የሮክፌለር ቤተሰብ ለአዲሱ ሕንፃቸው መግቢያ ሥዕል እንዲሠራ ሪቬራን ቀጠሩት። እርሱም ከሠራተኞቹ መካከል የሌኒንን ፊት አስገባ። አውጣው ሲሉት እምቢ አለ፤ በግንቦት 1933 ገንዘቡን ከፍለው አሰናበቱት፤ በየካቲት 1934 ሥዕሉን ፈጭተው ከግድግዳው አነሡት። ሪቬራ በዚያው ዓመት አዲስ በተጠናቀቀው የሜክሲኮ ቤት ግድግዳ ላይ ደግሞ ሣለው። ረዳቱ ሳይፈርስ በፊት በድብቅ ያነሣችው ፎቶግራፍ አገዘው።

በሥዕሉ መሐል አንድ ሠራተኛ የማሽን መቆጣጠሪያ ይዞ ቆሟል። ከእርሱ ላይ ሁለት የክንፍ ቅርጽ ያላቸው ብርሃናት ይጣለፋሉ፤ በአንደኛው በማይክሮስኮፕ የሚታዩ ሕዋሳት፣ በሌላኛው በቴሌስኮፕ የሚታዩ ከዋክብት አሉ። በአንድ ወገን የጋዝ ጭንብል ያጠለቁ ወታደሮች፣ ሠልፈኛ የሚደበድብ ፖሊስና ካርታ የሚጫወቱ ባለጸጎች ይታያሉ። ሪቬራ ኒው ዮርክ ላይ ያልነበረ አንድ ፊት እዚህ ጨምሯል፤ ሮክፌለር ራሱ መጠጥ ይዞ ከእነርሱ መካከል ተቀምጧል። በሌላው ወገን ሌኒን የሠራተኞችን እጅ ያያይዛል። በፖለቲካው የማይስማማ ሰው ይኖራል፤ ነገር ግን የፈረሰ ሥራውን በአገሩ ግድግዳ ላይ መልሶ ያቆመን ሠዓሊ ጽናት አለማክበር ያስቸግራል።

ፊት ለፊቱ የሆሴ ክሌሜንቴ ኦሮስኮ «ካታርሲስ» አለ፤ የተሣለውም በዚያው በ1934 ነው። ሪቬራ ማሽን የሰውን ልጅ ነፃ ያወጣል ብሎ ሲያምን፣ ኦሮስኮ ማሽንና መሣሪያ ከሰው ሥጋ ጋር ተጨፍልቀው፣ ከበላያቸውም እሳት ሲነድ ያሳያል። በሁለቱ መካከል የቆመ ጎብኚ በአንድ ትውልድ ውስጥ ያለ ክርክር መሐል እንደገባ ይሰማዋል። ቤቱ ለአንዳቸው አልፈረደም፤ ሁለቱንም ይዞ ክርክሩን ለእኛ አቆየልን።

በሌላ ግድግዳ ላይ የዳቪድ አልፋሮ ሲኬይሮስ «አዲሱ ዴሞክራሲ» አለ። ከ1944 ጀምሮ የተሣለ ነው፤ ሰንሰለት በእጇ የተንጠለጠለ ሴት ከመሬት ገመገም ፈንቅላ ትወጣለች። ከግራና ከቀኟ ሁለት ሥዕሎች አሉ፤ አንዱ የጦርነት ሰለባዎችን፣ ሌላው የፋሺዝምን ሰለባ ያሳያል። ሁለተኛው ላይ የታሰረና ጀርባው የተገረፈ ሰው ወድቋል። ሠዓሊው ስፓኝ ውስጥ ከፋሺስቶች ጋር ተዋግቷል፤ የሚሥለውን ያውቃል። እኔ ግን ከዚያ ጀርባ ፊት ቆሜ ያየሁት የየካቲት 12ን ሰማዕታት ነበር።

ጄኔቫ ላይ የተሰማ ድምፅ

ቤተ መንግሥቱ በተመረቀ በሦስተኛው ወር፣ ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም.፣ ወልወል ላይ በጣሊያንና በኢትዮጵያ ወታደሮች መካከል ተኩስ ተከፈተ። በዓመቱ የሙሶሊኒ ጦር ወረረን፤ በግንቦት 1936 አዲስ አበባ ገባ። በሰኔ ወር ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጄኔቫ ላይ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ቆመው አቤት አሉ፤ ማኅበሩ ግን በጣሊያን ላይ የጣለውን ማዕቀብ አነሣ። ብዙ መንግሥታት ወረራውን እንደ ሕጋዊ ግዛት ተቀበሉት። አሻፈረኝ ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ሜክሲኮ ነበረች።

በዚያን ጊዜ የሜክሲኮ ፕሬዚዳንት ላሳሮ ካርዴናስ ነበሩ። ናርሲሶ ባሶልስ፣ ከእርሳቸውም በኋላ ኢሲድሮ ፋቤላ፣ በጄኔቫ የሜክሲኮን ቃል አሰሙ። ሜክሲኮ ከእኛ የምትፈልገው ነዳጅ፣ ወደብም ሆነ ገበያ አልነበረም። የራሷን ታሪክ ግን አልረሳችም፤ በ1848 ግማሽ ያህል ግዛቷን በጦርነት ለአሜሪካ ያጣች፣ በ1860ዎቹ የፈረንሳይ ጦር ንጉሠ ነገሥት አምጥቶ የጫነባት አገር ናት። በጉልበት የተያዘ መሬት ለያዘው እንዳይጸድቅለት መከራከር ለእርሷ የራሷን ቁስል መከላከል ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1954 ሜክሲኮን ጎብኝተዋል፤ የእኛ አደባባይና የእነርሱ ጣቢያ ስም የዚህ ወዳጅነት ማስታወሻ ነው።

ካርዴናስና ዲፕሎማቶቻቸው የሮምን መንግሥት ሲያወግዙ በዋና ከተማቸው መካከል ጣሊያናዊ የነደፈው፣ የካራራ እብነ በረድ የለበሰ ቤት ቆሞ ነበር። ያን ቤት ማንም አልጠላውም። የግፈኛውን መንግሥትና የባለሙያውን እጅ ለይተው ያውቁ ነበር።

ማን ይግባ?

ቤት ከተሠራ በኋላም ለማን እንደሆነ መጠየቁ አያቆምም። በ1950 የኦፔራ ዘፋኟ ማሪያ ካላስ እዚህ ዘፈነች። ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የአማሊያ ኤርናንዴስ የባህል ባሌት የየክፍለ ሀገሩን ጭፈራ፣ ቀሚስና ባርኔጣ ይዞ መድረኩን ወረሰው። በ1990 ሁዋን ጋብሪኤል ከሲምፎኒ ኦርኬስትራ ጋር ሊዘፍን ሲል «የሕዝብ ዘፋኝ በዚህ መድረክ?» ብለው የተቃወሙ ነበሩ። ዘፈነ። በ2016 ሲሞት አመዱ እዚያው ቤት አርፎ ሕዝቡ ተሰልፎ ተሰናበተው።

ስንብት የዚህ ቤት አንዱ ሥራ ነው። በሐምሌ 1954 የሠዓሊዋ የፍሪዳ ካሎ ሬሳ በመግቢያው አዳራሽ ሲያርፍ ሳጥኗ ላይ የኮሚኒስት ባንዲራ ተነጥፎ ነበር፤ ቤቱን የሚያስተዳድረው ተቋም ኃላፊ በዚያ ምክንያት ሥራውን አጣ። በ2014 ደራሲውን ገብርኤል ጋርሲያ ማርኬስን ሲሰናበቱ ቢጫ የወረቀት ቢራቢሮዎች ተበተኑ። ለሀብታሞች ኦፔራ የተጀመረ ቤት አገር የሚያለቅስበት ቤት ሆነ።

ጥሩሩ

ከመውጣቴ በፊት ወደ ሲኬይሮስ ሌሎች ሁለት ሥዕሎች ተመለስኩ፤ ሁለቱም በ1950ና 1951 የተሣሉ ናቸው። በመጀመሪያው የአዝቴኮች የመጨረሻው ንጉሥ ኩዋውቴሞክ በስፓኞች እጅ ነው፤ ወርቁን አሳይ ብለው እግሩን በእሳት ያቃጥሉታል፤ እርሱ ዝም ብሏል። በሁለተኛው ኩዋውቴሞክ ተነሥቷል። የለበሰው የስፓኝ የብረት ጥሩር ነው፤ ያቃጠሉት ሰዎች ይለብሱት የነበረው። ከሥሩ ግማሽ ሰው ግማሽ ፈረስ የሆነው ወራሪ ወድቋል።

ረጅም ጊዜ ቆምኩ። ቤቱ ራሱ ይህ ሥዕል ነው። ውጩ የባዕድ ጥሩር ነው፤ ከካራራ፣ ከኒው ዮርክ፣ ከቡዳፔስት የመጣ። ገላው ግን የአገሩ ነው፤ የቻክ ፊት፣ የተራሮቹ ንጋት፣ የሪቬራና የኦሮስኮ ክርክር። ሜክሲኮዎች ጥሩሩን አላቀለጡትም፤ ለራሳቸው ልክ አድርገው ለበሱት።

አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላ አንድ ከሰዓት ሜክሲኮ አደባባይ ከታክሲ ወርጄ ወደ ብሔራዊ ቲያትር በእግሬ ሄድኩ፤ ሩቅ አይደለም። ያን ሕንፃ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ሲኒማ ሊያደርጉት ጀምረውት ሳይጨርሱ ተባረሩ። እኛ ጨርሰን ለንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል ሃያ አምስተኛ ዓመት፣ በ1948 ዓ.ም.፣ የራሳችን ቲያትር አድርገን ከፈትነው። ፊት ለፊቱ የድንጋይ አንበሳ ቆሟል። የጠላት ጅምር ላይ በአማርኛ ተውኔት ተጫወትን፣ በማሲንቆና በከበሮ ሞላነው።

ስንት ጊዜ በበሩ አልፌ ይህን ሳላስብ ሄጃለሁ። ወረፋ ይዘው ከቆሙት ወጣቶች ኋላ ተሰለፍኩ፤ ቲኬቴን ቆረጥኩና ገባሁ።